የ900 ሚሊዮን ዶላሩ ውል ስንት ያወጣ ነበር?

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፣ ስለ አንድ ውል ልንገራችሁ። ዓመቱ 2010፣ ወሩ ጃንዋሪ፣ ቀኑ 19 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በዚያ ቀን ራምበስ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያና የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ከአምስት ዓመት ክስ በኋላ ታረቁ ተባለ። የእርቁ ዋጋ 900 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተነገረ፣ ጋዜጣውም ይህንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ።

ራምበስ በዚያ ዘመን የሜሞሪ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ አልነበረውም። ገበያው ሌላ ነው። ሐሳብ ያፈልቃል፣ ሐሳቡን በፓተንት ያስከብራል፣ ከዚያ «በዚህ ፈጠራ እየተጠቀማችሁ ነውና ክፈሉኝ» ይላል። እሽግ የለው፣ ሚዛን ላይ አይወጣ። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር 900 ሚሊዮን ያወጣል ወይስ አያወጣም? ማን ያውቃል? ይህን ለመመለስ ከሥሩ መነሳት አለብን።

ሥሩ 1990 ላይ ነው። ማይክ ፋርምዋልድና ማርክ ሆሮዊትዝ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ነበሩ፤ ሆሮዊትዝ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። አንድ ነገር አስጨነቃቸው። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር በየዓመቱ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ዳታ የሚያቀብለው ሜሞሪ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ሜሞሪው ዲራም የሚባለው ነው፤ የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1968 ፓተንት ያገኘበት፣ እያንዳንዷን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር የሚይዝ ብልሃት። ማከማቻው ደህና ነበር፤ መግቢያና መውጫው ግን ጠቧል። ሁለቱ ሰዎች መግቢያና መውጫውን እንደ አዲስ ነደፉና ኤፕሪል 18 ቀን 1990 የፓተንት ማመልከቻቸውን አስገቡ። ይህችን ቀን ያዙልኝ። ኋላ ብዙ ገንዘብ የሚንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው።

ከዚያች አንድ ማመልከቻ በርካታ ፓተንቶች ተወለዱ። ዓለምን ያካሰሱት ሐሳቦች በተለይ አራት ናቸው። አንዱ፣ ቺፑ ተጠይቆ እስኪመልስ የሚወስደው ጊዜ እንዲስተካከል ማድረግ። ሌላው፣ በአንድ ጥያቄ ተከታትሎ የሚወጣው ዳታ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን። ቀጥሎ፣ የሰዓቱ ምት ሲነሳም ሲወድቅም ዳታ ማሳለፍ፤ በዚህች ብቻ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻው ደግሞ የቺፑን ውስጣዊ ሰዓት ከውጪው ጋር የሚያስማማ ሰርኪዩት እዚያው ቺፑ ላይ መትከል። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ፣ በቢሯችሁ ያለው ኮምፒውተር፣ በእነዚህ ሐሳቦች ዘሮች ነው የሚሠራው። ፈጠራው እውነተኛ ነበር፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ሁሉ እንዳይሸፍነው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጄዴክ እንሂድ። ጄዴክ የቺፕ አምራቾች ተሰብስበው የጋራ ደረጃ የሚያወጡበት ማኅበር ነው። የአንዱ ኩባንያ ሜሞሪ በሌላው ኮምፒውተር ላይ እንዲገጥም የሚያደርገው እሱ ነው። ራምበስ በ1991 መጨረሻ ወደ ስብሰባው መጣ፣ በ1992 አባል ሆነ፣ በ1996 ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ማኅበሩ ኤስዲራም የሚባለውን ደረጃ አጽድቆ ወደ ቀጣዩ ወደ ዲዲአር እያመራ ነበር። የራምበስ ሰዎች ተቀምጠው ይሰማሉ። ቢሮ ሲመለሱ ደግሞ በሂደት ላይ ያለውን ማመልከቻቸውን እያሻሻሉ፣ የይገባኛል ጥያቄው በጠረጴዛው ላይ ያለውን ደረጃ እንዲሸፍን ይጽፋሉ። ለማኅበሩ ግን ስለዚህ ምንም አልተናገሩም።

አስቡት፦ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ መንገድ በየት እንደሚወጣ ሲመክር፣ አንዱ ለዚያው መሬት ይዞታ አመልክቶ ካርታው እስኪወጣለት ዝም ብሎ ቢያዳምጥ፣ መንገዱ ተሠርቶ ቤቱ ሁሉ ከተቀለሰ በኋላም ካርታውን ይዞ ብቅ ቢል ምን ትሉታላችሁ? ሕግ አልጣሰም የሚል ይኖራል። ደግሞም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003 የጄዴክ ደንብ ራሱ ምን ማሳወቅ እንዳለበት በቅጡ የማይናገር ነው ብሎ ለራምበስ ፈርዷል። ለእኔ ግን የዋጋው ጉዳይ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው። ለምን ቢባል፣ ደረጃው ከመጽደቁ በፊት አምራቾቹ ሌላ መንገድ የመምረጥ አቅም ነበራቸው። ደረጃው ከጸደቀ፣ ፋብሪካው በቢሊዮን ዶላር ከተተከለ በኋላ ግን መውጫ የለም። አንድ ፈጠራ ሌላ አማራጭ እያለ የሚያወጣው ዋጋና አማራጭ ከጠፋ በኋላ የሚጠየቅበት ዋጋ ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው የፈጠራው ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው የመያዣው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዚህ የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አላቸው። ከ1970ው የጆርጂያ ፓሲፊክ ፍርድ ጀምሮ ዳኛውና የጁሪ አባላቱ አንድ ድርድር በሐሳባቸው እንዲያዩ ይጠየቃሉ። ጥሰቱ ሊጀምር ሲል፣ ፈቃድ መስጠት የሚፈልግና ፈቃድ መውሰድ የሚፈልግ ሁለት ሰዎች ቢቀመጡ በስንት ይስማሙ ነበር? አሥራ አምስት መመዘኛዎች አሉት፤ ሁሉን አልዘረዝርላችሁም። ከሁሉ የሚከብደው ቀላሉ ነው፦ በተመሳሳይ ፈጠራ ላይ ሌሎች ስንት ከፈሉ? ለዚህ ነው በዚህ ንግድ የመጀመሪያው ውል ከቀጣዮቹ ሁሉ የሚበልጠው። የመጀመሪያው ፈራሚ ለራሱ ብቻ አይፈርምም፤ ለሌላው ሁሉ ዋጋ ይቆርጣል።

ራምበስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። የራሱ ንድፍ አርዲራም ከኢንቴል ጋር በ1996 ተዋውሎ ብዙ ተስፋ ቢጣልበትም፣ ውድ ሆኖ ገበያው እየራቀው ሄደ። እንግዲህ በ2000 ፊቱን ወደ ተፎካካሪዎቹ ቺፖች አዞረና «ኤስዲራምም ዲዲአርም የእኔን ፓተንት ይጠቀማሉ» አለ። ሂታቺ ተከሶ ታረቀ፣ ቶሺባ ሳይከሰስ ፈረመ፣ ሌሎችም ተከተሉ። የተጠየቀው ሮያሊቲ፣ ማለትም የፈቃድ ክፍያ፣ ለኤስዲራም ከሽያጭ 0.75 በመቶ፣ ለዲዲአር 3.5 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ ለዲዲአር የተጠየቀው ራምበስ ለገዛ ንድፉ ከሚያስከፍለው ይበልጣል። ይህ የቴክኖሎጂ ዋጋ አይመስለኝም፤ ገበያው እምቢ ያለውን ዕቃ ያልገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ነው የሚመስለኝ።

3.5 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ሜሞሪ ግን እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም። ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በ2001 የዓለም የዲራም ሽያጭ በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ወደቀ። በእንዲህ ያለ ዓመት አምራቹ ቺፑን ከሠራበት ወጪ በታች ይሸጣል፣ ሮያሊቲው ግን የሚታሰበው ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከሽያጭ ላይ ነው። ለአሥር ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ 350 ሚሊዮን ማለት ነው፣ አተረፍክም ከሰርክም። ስለዚህ ውል የሚመዝን ሰው መቶኛውን ብቻ አይቶ መሄድ የለበትም። የዋጋ መውደቅ አደጋውን ማን ተሸከመው? በመቶኛ የሚከፈል ከሆነ ሁለቱ ይካፈሉታል። በየሩብ ዓመቱ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ከሆነ ከፋዩ ብቻውን ይሸከመዋል።

የጀርመኑ ኢንፊኒዮን፣ የአሜሪካው ማይክሮንና የኮሪያው ሃይኒክስ አንፈርምም አሉ። ጦርነቱ ተከፈተ። የፍርድ ቤቱን መንገድ ሁሉ ብተርክላችሁ ይነጋል፤ ስለዚህ ልሩጥ። በ2001 በቨርጂኒያ የጁሪ አባላት ራምበስ አጭበርብሯል አሉ፣ በ2003 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2006 ራምበስ ገበያውን ያለአግባብ ተቆጣጥሯል አለ፣ በ2007 የሮያሊቲውን ጣሪያ ለኤስዲራም 0.25፣ ለዲዲአር 0.5 በመቶ አድርጎ ወሰነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዜሮ። በ2008 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንንም ሻረ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ከራምበስ ቃል ተቀበለ፦ ለአሮጌዎቹ ኤስዲራምና ዲዲአር ምንም፣ ለአዳዲሶቹ ዲዲአር 2 እና 3 ቢበዛ 1.5 በመቶ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ዳኛ ሮናልድ ዋይት ሃይኒክስ ለወደፊቱ በዲዲአር ላይ 4.25 በመቶ ይክፈል ብለው አዘዙ። አያችሁ? ፈጠራው ያው፣ ደረጃው የአንድ ቤተሰብ፣ ዋጋው ግን ከዜሮ እስከ 4.25። ገማቹ ማንን ይመን?

ሁሉንም ማመን አለበት፣ ለእያንዳንዱ ግን ዕድሉን ያህል። «ፓተንቱ ቢጸናና ዳኛው ቢፈቅድ 4 በመቶ፤ ይህ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢወድቅ ዜሮ፤ የዚያስ?» ብሎ እያባዛ መደመር ነው። ይህ ሒሳብ በደረቁ ሲታይ ቀላል ነው። የሚያደክመው ዕድሉን ማወቅ ነው፣ ዕድሉ ደግሞ ፓተንቱ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በሰዎቹ ምግባር ይወሰናል።

ለዚህ ምስክሩ የ1998ቱ ቀን ነው። ሴፕቴምበር ላይ ራምበስ «የመቅደጃ ቀን» ብሎ ሰየመና ለሠራተኞቹ የሚቀደደውን ወረቀት የሚያጠራቅሙበት ጆንያ አደለ። በመቶ የሚቆጠሩ ሳጥኖች ተፈጩ። በዕለቱ ማብቂያም ፒዛና ቢራ ቀረበ። በ1999 ተደገመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክሱ ጀመረ። ተከሳሾቹም «ለክስ ሲዘጋጅ ማስረጃውን አጠፋ» አሉ። በ2005 የቨርጂኒያው ዳኛ ሮበርት ፔይን በዚህ ምክንያት የራምበስን ክስ ዘጉ። ወዲያው ራምበስ ከኢንፊኒዮን ጋር ታረቀ፦ በየሩብ ዓመቱ 5.85 ሚሊዮን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር። ሌሎች አምራቾች ከፈረሙ ደግሞ ኢንፊኒዮን እስከ 100 ሚሊዮን ሊጨምር ተስማማ። ይህች አንቀጽ በጣም ብልህ ናት። ኢንፊኒዮን «ብቻዬን ተሸናፊ ከሆንኩ ይህን ያህል፣ ሁላችሁም ከከፈላችሁ ይህን ያህል» ማለቱ ነው። በ2009 የዴላዌሯ ዳኛ ሱ ሮቢንሰን በማይክሮን ጉዳይ በተመሳሳይ ምክንያት ፓተንቶቹ ሊያስከፍሉ አይችሉም ብለው ፈረዱ። እነዚያ ጆንያዎች ውስጥ የገባው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ የፓተንቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉ አብሮ ገብቷል ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ወገን ያሉትንም ንጹሕ አድርጌ ብተርክላችሁ ግፍ ይሆንብኛል። የሜሞሪ አምራቾቹ በዚያው ዘመን በዋጋ ሲመሳጠሩ ተይዘዋል። ኢንፊኒዮን በ2004 160 ሚሊዮን፣ ሃይኒክስ በ2005 185፣ ሳምሰንግም በዚያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር የወንጀል መቀጫ በአሜሪካ ለመክፈል ተስማሙ። ራምበስም ይህንን ይዞ «አርዲራምን የገደላችሁት ተማክራችሁ ነው» ሲል ሳን ፍራንሲስኮ ከሰሳቸው።

አሁን ወደ ሳምሰንግ ውል እንግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። 900 ሚሊዮኑን ፈታ አድርገን እንየው። 200 ሚሊዮን በጥሬው ቅድሚያ ይከፈላል። 500 ሚሊዮኑ ለአምስት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ወደ 25 ሚሊዮን እየሆነ ይመጣል። የቀረው 200 ሚሊዮን የራምበስ አክሲዮን መግዣ ነው። እዚህ ላይ ቁሙ። አክሲዮን መግዛት ሮያሊቲ መክፈል አይደለም። ሳምሰንግ ገንዘቡን ሰጥቶ ወደ 9.6 ሚሊዮን አክሲዮን ተቀብሏል። ከዚህም በላይ ከአክሲዮኑ ግማሹን ለራምበስ መልሶ የመሸጥ መብት በውሉ ነበረው፤ በ2011 በመብቱ ተጠቅሞ 100 ሚሊዮን ዶላሩን መልሶ ወሰደ። ስለዚህ 900 የተባለው ፈቃድ በመጀመሪያው ማጣሪያ 700 ሆነ።

ሁለተኛው ማጣሪያ ጊዜ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 25 ሚሊዮን ዛሬ እጅ ላይ ካለ 25 ሚሊዮን አይተካከልም፤ ብሩ እስኪመጣ ወለድ ያልፋል፣ ከፋዩም ሊከስር፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል። በዓመት 12 በመቶ ገደማ፣ በሩብ ዓመት 3 በመቶ ብንቀንስ፣ ሃያዎቹ ክፍያዎች በፊርማው ቀን ዋጋቸው 372 ሚሊዮን ያህል ነበር። 200ው ሲደመር 572። ሌላ መጠን የሚመርጥ ይምረጥ፣ ቁጥሩ ጥቂት ይወጣል ይወርዳል። 900 ግን በየትኛውም መንገድ አይሆንም።

ሦስተኛው ማጣሪያ ነው አብዛኛው ሰው የሚዘለው። ያቺን ቀን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ ኤፕሪል 18 ቀን 1990። የአሜሪካ ፓተንት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለሃያ ዓመት ነው። እንግዲህ የፋርምዋልድና የሆሮዊትዝ ዋና ፓተንቶች ኤፕሪል 2010 ላይ ያበቃሉ። ሳምሰንግ የፈረመው ጃንዋሪ 2010 ነው። ሦስት ወር ቀርቶት! ታዲያ ሊሞት ለደረሰ መብት ለአምስት ዓመት መክፈል ምን ማለት ነው? ሞኝነት አልነበረም። ሕጉ ወደ ኋላ ስድስት ዓመት ላለፈ ጥሰት ካሳ መጠየቅ ይፈቅዳል፤ ያለፈው ዕዳ አልሞተም። ራምበስ ከ1990 በኋላ ያስመዘገባቸው ሌሎች ፓተንቶችም አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው የምስጢር ስምምነት ክስ ለችሎት እየተቃረበ ነበር፣ ሳምሰንግም ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ሳምሰንግ የገዛው ሦስት ነገር ነው፦ ላለፈው ምሕረት፣ ለሚመጣው ፈቃድ፣ ለችሎቱ መውጫ በር። ገማች እነዚህን ሳይለያይ «ሳምሰንግ ይህን ያህል ስለከፈለ ማይክሮንም ይክፈል» ቢል ይሳሳታል፤ የማይክሮን ዕዳና ፍርሃት ሌላ ነውና።

ለማነጻጸር ያህል፣ የሳምሰንግ የዲራም ሽያጭ በዚያ ዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዓመት 100 ሚሊዮን መክፈል ማለት ከ1 በመቶ በታች ነው። በ2000 ከተጠየቀው 3.5 ጋር አስተያዩት።

ቀጣዩን አሳዛኝ ክፍል ራምበስ ራሱ ነው የጻፈው። ከሳምሰንግ ጋር ታርቆ ከማይክሮንና ከሃይኒክስ ጋር ግን እስከ መጨረሻው ሊሄድ ወሰነ። በሳን ፍራንሲስኮ የጠየቀው ካሳ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ሕጉ ካሳውን በሦስት ስለሚያባዛው እስከ 12 ቢሊዮን ያደርሰዋል። ኖቬምበር 16 ቀን 2011 የጁሪ አባላቱ 9 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለአምራቾቹ ፈረዱ። በዚያችው ቀን የራምበስ አክሲዮን 60 በመቶ ያህል ወደቀ። ከወራት በፊት ግማሽ አክሲዮኑን መልሶ የሸጠው ሳምሰንግ በዚያ ድርሻው አልተጎዳም።

የሃይኒክስን ጉዳይ ደግሞ ስሙ። በ2006 የጁሪ አባላት 307 ሚሊዮን ፈረዱ፣ ዳኛው ወደ 133 ሚሊዮን አወረዱት፣ በ2009 የኋላ ሽያጭና ወለድ ታክሎ 397 ሚሊዮን ደረሰ፣ በ2011 ይግባኝ ሰሚው በወረቀት መቅደዱ ምክንያት ፍርዱን ሻረና መለሰው፣ በ2013 ዳኛ ዋይት ለቅጣት 250 ሚሊዮን ቀነሱበት። በወሩ በጁን 2013 ታረቁ፦ በየሩብ ዓመቱ 12 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት፣ ድምሩ 240 ሚሊዮን። በቅድሙ ሒሳብ በፊርማው ቀን ዋጋ ቢመነዘር 179 ሚሊዮን አይሞላም። ለአሥራ ሦስት ዓመት ጠበቃ የተከፈለውን ማን ቀንሶ ይንገረን?

ማይክሮንስ? በጃንዋሪ 2013 ዳኛዋ ሮቢንሰን ለሁለተኛ ጊዜ ለማይክሮን ፈርደውለታል። ያሸነፈ ሰው ነው። ሆኖም በዲሴምበር 2013 ከራምበስ ጋር ተዋዋለ፤ ለሰባት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ቢበዛ 10 ሚሊዮን፣ በድምሩ እስከ 280 ሚሊዮን ዶላር። በ2012 የራምበስ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ሮናልድ ብላክ ክስን ትተው መስማማትን መርጠው ነበር፣ ማይክሮንም ይህን ተቀበለ። ውሉ በፊርማው ቀን ዋጋ ሲመነዘር 188 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለአንድ ትልቅ አምራች በሩብ ዓመት 10 ሚሊዮን ማለት ያለ ክስ የመተኛት ዋጋ ነው፤ ርካሽ ነው።

እንግዲህ የእኔን ሚዛን ልንገራችሁ። የሳምሰንግ ውል ከ550 እስከ 600 ሚሊዮን ያወጣ ነበር፣ ለሁለቱም ወገን በልኩ የተቆረጠ ውል ነው፣ ከሁሉም ውሎች የሚሻለው እርሱ ነው። የማይክሮን ውል ማይክሮንን ጠቅሟል። የሃይኒክስ ውል ራምበስ በስድስትና በሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ሊያገኘው ይችል ከነበረው ያነሰ ነው። በ2000 የተጠየቀው 3.5 በመቶ ግን ለማንም የማይገባ ዋጋ ነበር። ራምበስ በ1992 በጄዴክ ጠረጴዛ ላይ ማመልከቻውን ዘርግቶ ግማሽ በመቶ ጠይቆ ቢሆን፣ የፈጠራውን ዋጋ ያለ ጆንያና ያለ ጁሪ ባገኘ ነበር ብዬ አምናለሁ።